በዓይኑ የሚነዳ ውሻ

እረኛው ሲያፏጭ ቦርደር ኮሊ የተባለው ውሻ ከእግሩ ሥር ተፈትልኮ ይወጣል፤ ወደ በጎቹ ግን ቀጥ ብሎ አይሮጥም። ሜዳውን በሰፊው ዞሮ ከጀርባቸው ብቅ ይላል። ዙሪያውን ካጠበበው መንጋው ይበረግጋል፤ ከልክ በላይ ካሰፋው ጉልበቱ በከንቱ ያልቃል። ልኩን የሚያገኘው እየሮጠ ነው።

ዋናው ጥበብ ከዚያ ይጀምራል። እርምጃውን ይገታል፤ ራሱን ከትከሻው ዝቅ፣ ጭራውን ጣል ያደርጋል፤ አንድ የፊት እግሩን አንጠልጥሎ ዓይኑን በጎቹ ላይ ይተክላል። አይጮህም፣ አይናከስም። ደፋሯ በግ ዞራ መሬቱን በፊት እግሯ ትመታለች። ውሻው ዓይኑን ሳይነቅል አንዲት እርምጃ ይጨምራል። በጓ ፊቷን ስታዞር ሌሎቹ ይከተሏታል፤ መንጋውም በእርጋታ ወደ እረኛው ይነሳል።

በውድድር ሜዳ ለዚህች ቅጽበት የሚሰጠው ከ100 ነጥብ 10 ብቻ ነው፤ ለዙሪያው ሩጫ 20፣ ለመንዳቱ 30 ይያዛል። ሆኖም እዚህ የተበላሸ ሥራ እስከ ጉረኖው በር ይዘልቃል፤ የደነበረ በግ ቶሎ አይረጋማ።

ይህ የዓይን ሥራ ከአደን የተወረሰ ነው። ተኩላ ሲያድን ያደባል፣ ያሳድዳል፣ ይነክሳል፣ ይገድላል። የእንግሊዝና የስኮትላንድ ድንበር እረኞች ማድባቱን አጠንክረው ንክሻውን አዳከሙት። መሣሪያቸው ምርጫ ብቻ ነበር፤ የትኛው ወንድ ከየትኛዋ ሴት ይዳቀል የሚል። በኖርዘምበርላንድ አዳም ቴልፈር የተባለ አርቢ ተግባቢውን ውሻ ሮይን ቁጥብ ግን ዓይነ ብርቱ ከሆነችው ሜግ ጋር አዳቀለ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1893 ሄምፕ ተወለደ። በ1901 እስኪሞት ከ200 በላይ ቡችሎች እንደወለደ ይነገራል፤ የዛሬው ዝርያም የዘር ሐረጉን ወደ እሱ ይቆጥራል።

እረኞቹ ለመልክ ደንታ አልነበራቸውም። የውሻው ጆሮ ቢቆም ቢታጠፍ፣ ፀጉሩ ቢረዝም ቢያጥር፣ ጥቁርና ነጭ ቢሆን ቀይ፣ መመዘኛው ሥራው ነበር። ጣጣው የሚመጣው ለውበቱ ብቻ ተወስዶ ሥራ ሲፈታ ነው፤ ያንኑ ዓይን በመኪና፣ በብስክሌት፣ በሚሮጥ ሕፃን ላይ ይተክላል። ባለቤቱ አመለ ቢስ ይለዋል፤ እሱ ግን የተፈጠረበትን ሙያ እየሠራ ነው፤ የጎደለው በጉ ብቻ ነው።