ልጃችን እንዴት አሸነፈ?

ገዴራ ውስጥ ቤተሰቦችን ስንጎበኝ ልጆች ከኮምፒዩተር ጋር ሻሕማት (ቼዝ) ሲጫወቱ እናያለን። ወላጆችም «መንገድ ላይ ከመዋል ይሻላል» ይሉናል። እውነት ነው፤ ኮምፒዩተር አይሰለችም፣ አይቆጣም፣ ለጀማሪም አቅሙን ዝቅ ያደርጋል። ብርታቱም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 «ዲፕ ብሉ» የዓለሙን ሻምፒዮን ካስፓሮቭን በስድስት ጨዋታ 3½ ለ2½ ረታው። በ2003 ደግሞ እዚሁ እስራኤል የተሠራው «ጁኒየር» ከእርሱ ጋር 3 ለ3 ተለያየ።

ሆኖም አንድ ጉድለት እናይበታለን። ኮምፒዩተር ማን እንዳሸነፈ እንጂ እንዴት እንዳሸነፈ አይመዝንም። በአገር ቤት እነ ራስ ወልደ ሥላሴ ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ ግን ይመዝን ነበር። ንጉሡን በፈረስ መርታት እምብዛም አያስመሰግንም፤ በመደቅ፣ ማለትም በተራው ወታደር፣ የረታ ግን ይወደስ ነበር። ሲጀመርም ተራ መጠበቅ የለም። አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እኩል ያንቀሳቅሳሉ፤ ስለዚህ ዓይን ከባላጋራ እጅ አይነቀልም። ሰውን ማወቅ የሚለመደው እንዲህ ነው።

ውድ ወላጆች፣ ልጁ በኮምፒዩተር ይለማመድ፤ አንከለክልም። ሰንበት ላይ ኮምፒዩተሩ ሲዘጋ ግን ገበታውን ዘርጉና አብራችሁት ተቀመጡ። ሰንጠረዥ የማያውቅ አባት ገበጣ ያውቃል፤ ሁለቱም ዕብራይስጥ አይጠይቁም። ሲያሸንፋችሁም «ጎበዝ» ብቻ አትበሉት፤ «እንዴት አሸነፍከኝ?» ብላችሁ ጠይቁት። ያን ጥያቄ ኮምፒዩተር አይጠይቀውም።