ሥዕልን ማንበብ

በ1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ የሠዓሊው የአፈወርቅ ተክሌ ታላቅ የመስታወት ሥዕል ይገኛል። ሥራው በሦስት ተከፍሎ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግሏንና የወደፊት ተስፋዋን ያሳያል። ይህን የሚመለከት ተማሪ ግን «ያምራል» ብሎ ብቻ እንዳያልፍ እንሰጋለን።

ጥፋቱ የተማሪው አይደለም። በሥርዓተ ትምህርታችን የክወናና የዕይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለ። ይሁን እንጂ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስለማይጠየቅ እንደ ትርፍ ይቆጠራል፤ ክፍለ ጊዜውም አንዳንድ ጊዜ ለሌላ ትምህርት ማካካሻ ይውላል። በሚሰጥበትም ጊዜ መምህሩ በሰሌዳ ላይ የሣለውን ማሰሮ ልጆቹ ሁሉ ይገለብጣሉ። ይህ እጅን ያለማምድ ይሆናል እንጂ ዓይንን አያስተምርም።

እኛ የምንለው ከመሣል አስቀድሞ ማየት ይቅደም ነው። ለዚህም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች ግን በጎን ተሥለው በአንድ ዓይን ይታያሉ። ይህን የተረዳ ልጅ ሠዓሊ በአሣሣሉ እንደሚፈርድ ይገነዘባል፤ የመሶቡን ስፌትና የነጠላውን ጥለትም በዚሁ ዓይን ይመረምራል።

«ሥዕል እንጀራ አይሆንም» የሚሉ አሉ። አፈወርቅም ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና ሊማሩ ነበር፤ ወደ ሥዕል የዞሩት መምህራኖቻቸው ተሰጥኦአቸውን አይተው ስላበረታቷቸው ነው። ዛሬ በገጠር ትምህርት ቤት ያለ ባለ ተሰጥኦ ልጅ እንዲህ ያለ የሚያይ መምህር ያገኝ ይሆን? እንዲያገኝ ክፍለ ጊዜው ይከበር፤ በየመምህራን ማሠልጠኛውም ሥዕልን ማንበብ ይሰጥ እንላለን።