የዜማ ምልክትና ኖታ

በጥምቀት ሰሞን ወደ ጎንደር የሚመጣ እንግዳ የሊቃውንቱን ዝማሬና ሽብሸባ አይቶ ሲደነቅ፥ ከአጠገቡ ያለው አስረጂ ብዙ ጊዜ «አውሮፓውያን ኖታ እንዳላቸው እኛም የራሳችን ኖታ አለን» ይለዋል። ይኸው አሳብ በመጻሕፍትም በንግግርም ይደጋገማል። ከአገር ፍቅር የመጣ ስለ ሆነ ተናጋሪውን አንነቅፈውም። ነገር ግን ንጽጽሩ ምልክታችንን ያከበረ እየመሰለው ጠባዩን ይሰውርበታልና ልንመረምረው እንወዳለን።

በመስመር ላይ የሚጻፈውን የአውሮፓ ኖታ በ11ኛው መቶ ዓመት መልክ ያስያዘው ኢጣሊያዊው መነኵሴ ጊዶ ዘአሬጾ ነው። ዋና ዓላማው ልጆች ከቶ ሰምተውት የማያውቁትን ዜማ ከመጽሐፍ አይተው እንዲያዜሙ ማድረግ ነበር። የእኛን ምልክት ግን በትውፊት እንደሚነገረው የሠሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1540 እስከ 1559 የነገሡት የዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ነው። የግራኝ ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናትንና መጻሕፍትን አጥፍቶ ነበርና፥ የሊቃውንቱ ጭንቀት የሰሙት እንዳይረሳ እንጂ ያልሰሙት እንዲነበብ አልነበረም ለማለት ያስደፍራል።

ይህ ልዩነት በምልክቱ አሠራር ላይ በግልጥ ይታያል። ይዘት፥ ደረት፥ ርክርክ፥ ድፋት፥ ቅናት፥ ሂደት፥ ጭረት፥ ቁርጥ፥ ድርስና አንብር የሚባሉትን ዐሥሩን ምልክቶች ንቁ ተማሪ በአንድ ቀን ስማቸውን ሊያጠና ይችላል። ይዘት ድምፅን ይይዛል፤ ቁርጥ ይቈርጣል፤ ርክርክ ያንቀጠቅጣል። ከእነዚህ ሌላ ግን በድጓው ቃል ራስ ላይ ደቃቅ ፊደሎች ተጽፈው ይገኛሉ፤ ቍጥራቸውም በመቶ የሚቈጠር ነው። ደቂቁ ፊደል የድምፅ ከፍታን አይናገርም፤ በሌላ ስፍራ የሚገኝ የታወቀ የዜማ ቃል አጭር መጠሪያ ነው። «ይህን ቃል እዚያ ያንን ቃል እንዳዜምህ አዚመው» ይላል። እንግዲህ ያንን ያላወቀ ይህን እንዴት ያነባል? ለማንበብ አስቀድሞ ማወቅ ግድ ነው፤ አንባቢያችን ነገሩ እንቆቅልሽ ቢመስለው አይፍረድብን።

ስለዚህ ተማሪው ቃሉን ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ በቃሉ ያጠናል። የጥንቱ የድጓ ተማሪ መጽሐፉን ከነምልክቱ በእጁ ይገለብጥ ነበር፤ ሲጽፍ ያዜማል፥ ሲያዜም ይጽፋል። በመጨረሻም ለድጓ ምስክርነት በጋይንት ወዳለችው ቤተ ልሔም ይሄዳል። ይህን ሁሉ ዓመት በአንድ ገጽ ሰንጠረዥ መተካት የሚችል የሚመስለው ሰው መዝገበ ቃላት ገዝቶ ቋንቋ ዐወቅሁ ከሚል አይለይም።

ኬይ ሼሌሜይና ፒተር ጄፈሪ የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት ከ1993 እስከ 1997 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ዜማ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳትመዋል። በመጀመሪያው ቅጽ ምልክቶቹን እንደ መዝገበ ቃላት መደርደራቸውን እናመሰግናለን፤ ምልክቱ ቃል እንጂ ድምፅ አለመሆኑን ተረድተውታልና። ዜማውን በኖታ መጻፋቸውም ከሩቅ አገር ያለውን ተመራማሪ በእጅጉ ይጠቅማል። ሆኖም ዜማው በአምስት መስመር ላይ ሲገለበጥ ድምፁ ይተርፋል፥ ጥቅሱ ግን ይጠፋል። ድጓው አንዱን በዓል በሌላው በዓል ቃል የሚያስታውስበት ያ ረቂቅ ዝምድና፥ ኖታው ውስጥ የነጥብ መውጣትና መውረድ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ኖታ ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም፤ በትምህርት ቤት ሙዚቃ የሚማሩ ልጆች በሚገባ ይማሩት።

የጎንደር ሰው ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለው። የአቋቋም ምስክር የሆነችው በአታ ያለችው በከተማችን ነው። መቋሚያው ሲነሣና ሲወርድ፥ ጸናጽሉ ሲመታ፥ ከበሮው ከዝግታ ወደ ጥድፊያ ሲሻገር፥ ይህ በየትኛው ምልክት ተጽፏል? በጌራና በራጉኤል ምልክትም በአሬጾው መነኵሴ መስመርም አናገኘውም። ዛሬ ድምፅን በስልክ መቅረጽ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የተቀረጸው ድምፅ የተማሪውን እግር አያርመውም። መምህሩ ግን በመቋሚያው ጫፍ ነካ አድርጎ «መልስ» ይለዋል፤ ተማሪውም ከመጀመሪያው ይጀምራል።