ባላገሩ አይዶል፦ ድምፅ ፈላጊው ያልተመለሰበት መንገድ

የድምፅ ውድድርን በየቤቱ መነጋገሪያ ያደረገው ፈለቀ ኃይሉ በዳኝነት የተቀመጠበት ኢትዮጵያን አይዶል ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው የአብርሃም ወልዴ ባላገሩ አይዶል ግን ስሙን ራሱ ከገጠሩ ሰው ስለወሰደ፣ እኛ ምሥራቅ ጎጃም ደጀን ከተማ ሆነን የምናየው ሰዎች ከእሱ የበለጠ ጠበቅን።

ሥራው የሚመሰገንበት ብዙ ነው። ወደ ክልል ከተሞች ወርዶ ሰው ፈልጓል። ማንም የማያውቀው ወጣት ማይክ ፊት ቆሞ አፉን ሲከፍት ዳኞቹ ቀና ሲሉ፣ እኛም አብረን ቀና ብለናል። ዳዊት ፅጌን የመሰለ ድምፅ ያገኘነው ከዚያ መድረክ ነው።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከመመዘኛው ነው። ተወዳዳሪው የታወቀ ዘፋኝ ሥራ ይዞ ይቀርባል፤ ዳኛው ቅኝቱን፣ ምቱንና ቅላፄውን ይመዝናል። ፈተናው ተገቢ ነው፣ ግን ጎዶሎ ነው። በጎጃም አዝማሪ የሚፈተነው በ«ተቀበል» ነው፤ አድማጩ ግጥም ይወረውርለታል፣ እሱ ማሲንቆውን ሳያቋርጥ ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል፣ ከራሱም ይጨምርበታል። የቅኔ አገር አድማጭ የሚረካው እንዲህ ሲሆን ነው። አንድ ዙር ብቻ ያለ ባንድ፣ በማሲንቆና በተቀበል ቢካሄድ ኖሮ ጥሩ አድርጎ የሚያስመስለውና የራሱ ነገር ያለው በግልጽ ይለዩ ነበር።

ትልቁ ጉድለት ግን ከፍጻሜው በኋላ ያለው ነው። አሜሪካን አይዶል እ.ኤ.አ. በ2002 ሲጀመር የመጀመሪያ ምዕራፉ እንዳለቀ አሥሩ የፍጻሜ ተፎካካሪዎች አንድ ላይ ሆነው ከከተማ ከተማ እየዞሩ ዘፈኑ፤ ሲከታተላቸው የቆየው ሕዝብ ትኬት ቆርጦ በአካል አያቸው። እኛ ዘንድ ይህ ልማድ አልሆነም። የዳዊት «የኔ ዜማ» አልበም በወጣበት በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ኮሮና መድረኩን ሁሉ ዘግቶት ነበር።

ዘፋኞቹ ካልመጡልን እኛ እንሂድ ብንል፣ አዲስ አበባ ሄዶ ኮንሰርት ማየት ለደጀን ሰው ምን እንደሆነ አዘጋጆች ያስቡት። ሚሌኒየም አዳራሽ ዝግጅቱ የሚያልቀው ሌሊት ነው፤ በሌሊት ዓባይ በረሃን የሚያቋርጥ አውቶቡስ የለም። ስለዚህ በትኬቱ ላይ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የአልጋና የምግብ ወጪ ይጨመራል። ለአንድ ምሽት ዘፈን ይህን ሁሉ ማውጣት ለመምህር ወይም ለገበሬ ልጅ ከባድ ነው። በቴሌብር ትኬት መግዛት መቻሉ የሰልፉን ድካም ቢያስቀርም መንገዱን አያሳጥርም። የክልል ኮንሰርት ሲታሰብም ባሕር ዳር ይቀድማል፤ በጥር 2010 ዓ.ም. ቴዲ አፍሮ ባሕር ዳር ስታዲየም ሲዘፍን የመጣው ሕዝብ ግን ከዋና ከተማ ውጭ ምን ያህል አድማጭ እንዳለ አሳይቷል።

ካለፉት ዓመታት ጦርነት ወዲህ በዚህ አካባቢ ስለ ኮንሰርት ማውራት ለብዙዎች ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ሰላም ሲሆን ከሚመለሱት ነገሮች አንዱ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ደጀን የሁለት መንገዶች መገንጠያ ናት፤ አንዱ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ሌላው በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ ይሄዳል፤ ሁለቱም ባሕር ዳር ይገናኛሉ። የፍጻሜ ተወዳዳሪዎች በአንዱ ሄደው በሌላው ቢመለሱ ምሥራቅ ጎጃምን ያዳርሳሉ። ትኬቱ በየከተማው መናኸሪያ አጠገብ ይሸጥ፣ ዝግጅቱም በቀን ይሁን፤ ከገጠር ቀበሌ የሚመጣው አድማጭ ሳይመሽ ቤቱ መግባት አለበት።