ወርቁ ቀለም ቀየረ ማለት ምርመራው ሠራ ማለት ነው?

ከአንዋር መስጊድ ሰፈር የገዛችሁት የብር ቀለበት ጠቆረ እንበል። «ተሸወድኩ» ብላችሁ ወደ ሻጩ ከመሮጣችሁ በፊት ድኝን (ሰልፈርን) ጠርጥሩ። አየር ውስጥ ያለ ድኝ አዘል ጋዝ ንጹሕ ብርንም ያጠቁራል። ወርቅ እንዲህ ባይጠቁርም፣ ድኝ ላዩ ላይ አጥብቆ ይጣበቃል።

ተመራማሪዎች ይህንን ለምርመራ ይጠቀሙበታል። 15 ናኖሜትር ገደማ የሆኑ የወርቅ ቅንጣቶች ውሃ ውስጥ ሲበተኑ ቀይ ናቸው። እንዲህ ያለውን ቀይ ፈሳሽ ማይክል ፋራዳይ በ1857 እ.ኤ.አ. አጥንቶታል። ሲስቴይን የተባለው አሚኖ አሲድ ሲጨመር በድኙ ወርቁን ይይዛል፤ በሌላ ጫፉ ደግሞ ቅንጣቶቹን ያቀራርባል። ያኔ ቀዩ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ያለ ውድ መሣሪያ፣ በዓይን ብቻ! እስከዚህ ድረስ ግሩም ነው።

ችግሩ ያለው «በደም ውስጥም ይሠራል» የሚለው መደምደሚያ ላይ ነው። ሆሞሲስቴይንን እንውሰድ፤ ፎሌት ወይም ቫይታሚን ቢ12 ሲያንስ ደም ውስጥ ይጨምራል። በጤነኛ ሰው ከ5 እስከ 15 ማይክሮሞል በሊትር ነው። ሲስቴይን ግን ከ200 ይበልጣል፤ አልቡሚን የተባለው ፕሮቲንም የራሱን ድኝ ይዞ 600 ገደማ ነው። አርብ ጁምዓ ሲያበቃ መንገዱን ከሞላው ሕዝብ መሃል አንድ ሰው እንደመፈለግ ነው። በዚያ ላይ አብዛኛው ሆሞሲስቴይን ከፕሮቲን ጋር ስለተጣበቀ መጀመሪያ መላቀቅ አለበት።

ቀለሙም ራሱ ያሳስታል። ጨው ብቻውን ቅንጣቶቹን ሊያሰባስብ ይችላል፤ ፕሮቲን ደግሞ ወርቁን ሸፍኖ እንዳይሰባሰብ ያደርጋል። ስለዚህ ሰማያዊ ሁሉ «አለ»፣ ቀይ ሁሉ «የለም» ማለት አይደለም።

ብዙ ጥናቶች ይህን የሚያልፉት ደሙን በጣም አቅጥነው፣ የሚፈለገውን ነገር ራሳቸው ጨምረው፣ መልሰው በመለካት ነው። ፈተናው ጥቅም አለው፤ የቀጠነው ናሙና ልኬቱን እንዳላዛባ ያሳያል። የበሽተኛውን መጠን ማወቅ ግን ሌላ ነገር ነው። የራስን መቶ ብር ኪስ ውስጥ ከትቶ «አገኘሁ!» ማለት አይበቃም።

እንዲህ ያለ ዜና ስታነቡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ደሙ ስንት እጥፍ ቀጠነ? የተለካው ከሰውየው የመጣው ነው ወይስ የተጨመረው? ውጤቱስ ሆስፒታሎች ከሚያምኑበት ዘዴ ጋር በብዙ ሕሙማን ናሙና ተነጻጽሯል? መልስ ከሌለው፣ ያያችሁት ጥሩ ኬሚስትሪ እንጂ ገና የሕክምና ምርመራ አይደለም።