«ማጥበቅ»ና «ማስጠጋት»፦ ስለ ብስክሌት የኋላ ሞዞ በተዘጋጀ አንድ ትርጉም ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃል ዋጋው የሚመዘነው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ በሚታይ ውበቱ ሳይሆን በሥራ ላይ በሚሰጠው አገልግሎት ነው። ይህን ለማስረዳት የብስክሌት የኋላ ሞዞ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ሞዞ መጠኑ ከአንድ ጭብጥ እምብዛም አይበልጥም፤ በውስጡ የተሰበሰቡት ዕቃዎች ግን ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም ከሌላው የሚለያቸው ስም ይሻሉ።

ለዚህ ሂስ መነሻ የሆነው የኋላ ሞዞን በቤት ውስጥ ፈትቶ ስለ ማጽዳትና ግሪሱን ስለ መለወጥ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ አጭር መመሪያ ነው። ጽሑፉን በማንበብ ብቻ ሳልወሰን መፍቻ በእጄ ይዤ ፈትኜዋለሁ። ተርጓሚው የሚመሰገንበት ነገር አለ። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፤ የሥራው ቅደም ተከተልም ተጠብቋል። ችግሩ ያለው በስያሜው ላይ ነው።

አስቀድሞ ስለ ዕቃው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በሞዞው መካከል እንደ ብሎን ጥርስ የወጣለት ዘንግ ያልፋል። በዘንጉ ግራና ቀኝ የብረት ብዮች ይደረደራሉ፤ በተለመደው አሠራር በየወገኑ 9፣ በድምሩ 18 ሲሆኑ፣ የአንዱ ብይ ስፋት ሩብ ኢንች ወይም 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። ብዮቹ የሚሽከረከሩት በሞዞው አካል ውስጥ በተበጀ ጎድጓዳ መቀመጫና በዘንጉ ጥርስ ላይ እየዞረ በሚገባ ሾጣጣ ብረት መካከል ነው። ከሾጣጣው ቀጥሎ ሮንዴላ፣ በመጨረሻም ሾጣጣው ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ የሚይዘው ዳዶ ይገኛል።

መመሪያው ሾጣጣውንም ዳዶውንም «ማጥበቂያ» ብሎ ይጠራቸዋል፤ ለሁለቱም የሚሰጠው ትእዛዝ «አጥብቅ» የሚል ነው። ስሕተቱ ጥቃቅን ሊመስል ይችል ይሆናል፤ ውጤቱ ግን ከባድ ነው። ሾጣጣው አይጠብቅም፤ ብዮቹን እስኪነካ ድረስ ይጠጋል እንጂ። የሚጠብቀው ዳዶው ነው፤ እርሱም የሚጠብቀው በሾጣጣው ላይ ነው። መመሪያውን ቃል በቃል ተከትዬ ሁለቱንም ባጠበቅሁ ጊዜ ዘንጉ በጣት ሲዞር ይንገራገጭ ጀመር። ይህን እንደ ጥንካሬ ምልክት ቈጥሬ ጎማውን መለስሁት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሞዞው ሲፈታ የሾጣጣው ገጽ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ተቦርቡሮ ተገኘ። የሰፈራችን ብስክሌት ጠጋኝ ስለ ሾጣጣው ሲናገር «ማስጠጋት»፣ ስለ ዳዶው ሲናገር «መቆለፍ» ይል ነበር። በአማርኛ ለሁለት ተግባር ሁለት ግስ እያለ ተርጓሚው በአንዱ ብቻ መጠቀሙ የቋንቋው ድኽነት አይደለም።

ሁለተኛው ነጥብ «ጨዋታ» የሚለው ቃል ነው። መመሪያው በዘንጉ ላይ «ጨዋታ» መኖር አለመኖሩን እንድንመረምር ያዝዛል። ይህ የእንግሊዝኛውን ቃል ፊደል እንጂ ፍች የተከተለ አተረጓጐም ነው። አማርኛ ተናጋሪ ጥርሱ ሲላላ «ይነቃነቃል» ይላል፤ ለዘንግም የሚስማማው «መነቃነቅ» ነው። ከስሙ በላይ የሚያሳዝነው ደግሞ ተርጓሚው «ምንም ጨዋታ እንዳይኖር» ብሎ መደምደሙ ነው። ጎማው በፈጣን መፍቻ እጀታ የሚታሰር ከሆነ እጀታው ሲጨመቅ ዘንጉን በጥቂቱ ያሳጥረዋል፤ ስለዚህ ከመታሰሩ በፊት ኢምንት መነቃነቅ መተው አለበት፤ ጎማው ሲታሰርም ይጠፋል። ነገሩን ያልተረዳ ተርጓሚ ቃሉንም ደረጃውንም ይስታል።

ሦስተኛው ብስክሌተኛው እግሩን ሲያሳርፍ ጎማው ብቻውን እንዲዞር የሚያደርገው ክፍል ስያሜ ነው። መመሪያው «ነጻ መንኰራኵር» ይለዋል። አንባቢ በዚህ ስም የሚፈልገው ሙሉ ጎማ ነው፤ የሚያገኘው ግን በአንድ ወገን የሚይዝ፣ በሌላው የሚለቅ ትንሽ መሣሪያ ነው። በዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች በአንድ ስም ተጠርተዋል። የቀድሞው ዓይነት ከነጥርሶቹ በሞዞው ላይ ተጠምዝዞ የሚገባና በልዩ መፍቻ የሚወጣ ነው። የጃፓኑ ኩባንያ ሺማኖ በ1978 እ.ኤ.አ. ለገበያ ካቀረበው ወዲህ የተስፋፋው ዓይነት ግን የሞዞው አካል ነው፤ ባለ ጥርስ ክቦቹ ተንሸራተው ይገቡበትና በቆላፊ ቀለበት ይታሰራሉ። የፊተኛው ያለው ሰው የኋለኛውን ትእዛዝ ቢከተል የሌለ ቀለበት ሲፈልግ ይውላል። ለመሣሪያው «ያዝለቀቅ» የሚል ስያሜ አቀርባለሁ፤ ሁለቱን ለመለየትም «ተጠምዛዥ ያዝለቀቅ»ና «የሞዞ ያዝለቀቅ» ማለት ይበቃል። «ያዝ ለቀቅ» በተለመደው አነጋገር ጽናት የሌለውን ሥራ ስለሚያመለክት ተቃውሞ ሊነሣበት ይችላል፤ እዚህ ግን አሠራሩን በትክክል ይገልጻል።

በመጨረሻ ስለ ተውሶ ቃላት። ተርጓሚው ባዕድ ቃል ላለመጠቀም ሲል ኩሽኔታን «ተሸካሚ» ብሎታል። «ተሸካሚውን አውጥታችሁ በላምባ እጠቡ» የሚል ትእዛዝ ያነበበ ሰው ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። ኩሽኔታ በጣሊያንኛ መሠረቱ «ትንሽ ትራስ» ማለት ነው፤ ዛሬ ግን ትራሱን የሚያስታውስ የለም፤ ቃሉ አማርኛ ሆኗል። ሞዞ፣ ቸርኬ፣ ዳዶና ሮንዴላም እንዲሁ። የግእዝን መዝገብ እንመርምር የሚሉ አሉ፤ መልካም ነው፤ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 7 ቍጥር 33 የመንኰራኵር ክፍሎች ስለ ተዘረዘሩ የቀደሙት ተርጓሚዎች ይህ ችግር ገጥሟቸዋል። ሆኖም በባሕር ዳርና በሐዋሳ ጎዳናዎች ብስክሌት የሚጠግነው ሰው በየቀኑ የሚናገረውን ቃል ትቶ ከብራና ሌላ መፈለግ አንድን ዕቃ ሁለት ስም ማሸከም ይሆናል። አዲስ ስያሜ የሚያስፈልገው ጋራዡ ዝም ያለበት ቦታ ላይ ነው፤ ለምሳሌ ሾጣጣው የሚገጥመውን ጎድጓዳ መቀመጫ መመሪያው «ጽዋዕ» ከሚለው «ሲኒ» ቢባል ቅርጹን ሁሉም ያውቀዋል።

ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ብስክሌተኞቿን አሰልፋለች። ብስክሌቱ ለአገሩ እንግዳ አይደለም፤ ቃላቱም በጠጋኞች አፍ ይገኛሉ። ስለዚህ የሙያ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ስሞችን ብቻ ከመሰብሰብ ይልቅ እያንዳንዱን ስም ከሚስማማው ግስ ጋር፦ ሾጣጣን ከማስጠጋት፣ ዳዶን ከመቆለፍ ጋር አጣምሮ ቢመዘግብ ለተርጓሚው ታላቅ አገልግሎት ይሰጣል። ተርጓሚውም ረቂቁን ለኅትመት ከመስጠቱ በፊት መፍቻ ለያዘ ሰው ያንብብለት።