የራዲያተር በያጅ ሙያ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወረታ ላይ ይገነጠልና አንዱ የፎገራን ሜዳ ለቆ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። ከ1,800 ሜትር ገደማ ተነስቶ ወደ 2,700 ሜትር መውጣት ለአሮጌ መኪና ትልቅ ፈተና ነው። ወረታ ላይ ውሃ በ94 ዲግሪ፣ ደብረ ታቦር ላይ ደግሞ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ወይም አንዲት ቀጭን ቱቦ ካንጠባጠበች መኪናው ዳገቱ ላይ ያፈላል።

የድሮውን የመዳብ ራዲያተር የሚጠግነውን ባለሙያ የማደንቀው ለዚህ ነው። አፎቹን ደፍኖ አየር ይሞላና ውሃ ውስጥ ይነክረዋል፤ የአረፋውን መስመር ተከትሎም ቀዳዳዋን ያገኛታል። ቦታውን በሽቦ ብሩሽ ፍቆ፣ በአሲድ አጽድቶ፣ አሙቆ ይበይዳል። እሳቱ ካነሰ ብየዳው አይዝም፤ ከበዛ ደግሞ አጠገቡ ያለው የቀድሞ ብየዳ ይቀልጣል። ልኩን የሚያውቀው የለመደ እጅ ብቻ ነው።

ሐቀኝነቱንም አከብራለሁ። ራዲያተሩ ደህና ሆኖ የሞተር ዘይቱ ከነጣ፣ ችግሩ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ መሆኑን ነግሮ ወደ ሞተር ሠሪው ይልካል።

የፕላስቲክና የአሉሚኒየም ራዲያተር ሲሰነጠቅ ብዙ ጊዜ ይጣላል፤ የመዳቡ ግን ጥሩ በያጅ ካገኘ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል። ይህ ሙያ ለወጣቶች ሊተላለፍ ይገባዋል።